«ነገ ና» ያልኩት ኩባዊ

ቅናት ዓይን አለው ይባላል። እውነት ነው፣ አለው፤ ግን አንድ ብቻ ነው። ይህን የምነግራችሁ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ዓይኔ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቼ ሌላውን ጨፍኜ የኖርኩ ሰዓት ሠሪ ነኝና በአንድ ዓይን ስለማየት የሚያስተምረኝ ሰው የለም። በአንድ ዓይን ስታዩ የሰዓት ሞተር ውስጥ ያለችው ትንሿ ጥርስ ተራራ ታህላለች። ክንዳችሁ ሥር ያለው ሻይ ሲደፋ ግን አታዩትም።

ቀናተኛ ሰው ደግሞ አንድ የማይለቀው አመል አለው፤ ጠባቂ ይፈልጋል። ራሱ እንዳይጠብቅ ሥራ አለበት፣ ኩራት አለበት፣ ፍርሃትም አለበት (ይቺኛዋን አይናገራትም)። ስለዚህ ሌላ ሰው ያስጠብቃል። አንዱ አልበቃ ሲለው ሁለተኛ ይጨምራል። ሁለቱ አልበቃ ሲሉት... ይኼማ የመንግሥታት አመል ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔም ያጠፋሁት እንደ መንግሥት ነበር።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት የሙያችንን ገመና ላውጣ። የፒያሳ ሰዓት ሠሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሰፊ፣ ወርቅ ሠሪውም ሳይቀር የሚተዳደረው በአንዲት ቃል ነው፤ «ነገ ና»። ደንበኛ የቆመ ሰዓቱን ያስቀምጣል፣ እኛ ጆሯችን ላይ አድርገን እናዳምጣለን፣ ሐኪም ይመስል ከንፈራችንን እንመጣለን፣ ከዚያ «ነገ ና» እንላለን። ደንበኛውም «እሺ» ብሎ ይሄዳል፤ በሳምንቱም፣ በሁለት ሳምንቱም፣ ቢመቸው በወሩ ብቅ ይላል። ቃሉን ሰምቶ በማግስቱ የሚመጣ ሰው ካለ ፋራ ነው፣ ወይም ከገጠር የመጣ ነው፣ ወይም ሚስቱ ወልዳለች። እኔ እንደማልሠራው ደንበኛው ያውቃል፤ እሱ እንደማይመጣም እኔ አውቃለሁ። በዚህ ተማምነን በሰላም ስንኖር ኩባውያን መጡ። ይህን ደግሞ ማንም አልነገራቸውም።

ጊዜው ደርግ ነው። ምሥራቁ በጦርነት ሲናጥ ኩባውያን ወታደሮች በመርከብም በአውሮፕላንም ሊያግዙን መጡ፤ ውጊያው ጋብ ሲል ደግሞ ሁለት ሦስት እየሆኑ አዲስ አበባ ላይ ይታዩ ጀመር። ፒያሳም አንዳንዶቹ ይመጡ ነበር። የኔ ሱቅ ከጊዮርጊስ ወረድ ሲባል፣ ከአንድ ኬክ ቤት ፊት ለፊት ነበረች፤ በሯ ሲቀነስ መስኮት፣ መስኮቷ ሲቀነስ ምንም የማይተርፋት ጠባብ ሱቅ። ጠረጴዛዬን ከመስኮቱ ሥር ነው ያስቀመጥኩት። ለምን ሲሉኝ ለብርሃኑ እላለሁ። እውነቱን የሚፈልግ ግን እኔ በተቀመጥኩበት ተቀምጦ ቀና ይበል፤ የኬክ ቤቱ ትልቁ መስታወት፣ ከመስታወቱ ወዲያ ባንኮኒው፣ ከባንኮኒው ወዲያ እታገኝ።

እታገኝ እጮኛዬ ነበረች። ሽማግሌ ልኬ፣ አባቷ «እናስብበት» እያሉ ሁለቴ መልሰውብኝ፣ በሦስተኛው እሺ ብለው፣ ቀለበት አጥልቄላት፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። ከላክኳቸው ሽማግሌዎች ዋናው የጎን ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ምሥራቅ ዘምቶ ስለነበር ፖስታ ቤት የሚመላለሱ፣ ምላሳቸው ከመቀሳቸው የሚስል ሽማግሌ። እንግዲህ እታገኝ ስትስቅ ፍንጭቷ ይታያል። ያቺን ፍንጭት ኬክ ለገዛ ሁሉ ማሳየቷ አይጥመኝም ነበር። ቀናተኛ ነኝ ብያችኋለሁ እኮ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ኩባዊ በሬን ሞልቶ ቆመ። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጢሙ በሥርዓት የተከረከመ፣ እንደኛ የጠየመ፣ ፀጉሩን ብቻ አይታችሁ የደብረ ሲና ልጅ ነው ብትሉ የማይፈረድባችሁ። ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና በምልክት ቆመብኝ አለኝ። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፤ ከንፈሬን መጠጥኩ፤ «ነገ ና» አልኩት። አልገባውም። በእጄ ፀሐይቱን አጥልቄ በማግስቱ አወጣሁለት። ገባው። እየሳቀ «ነገ ና» ብሎ ደገመልኝና ሄደ።

በማግስቱ ልክ በዚያው ሰዓት መጣ!

ደነገጥኩ። በሙያዬ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። «ነገ ና» አልኩት። በማግስቱ መጣ። እንደገና «ነገ ና» አልኩት። ሰውዬው ወታደር ነው፣ የተባለውን ያደርጋል። በመጣ ቁጥር ታዲያ እዚህ ድረስ ለፍቶ ባዶ እጁን ከሚመለስ መንገዱን ይሻገርና ኬክ ቤቱ ገብቶ ማኪያቶ ይጠጣል፤ ጥግ ላይ፣ ከባንኮኒው አጠገብ ያለችውን ወንበር ይዞ። በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን መነጽሬን አውልቄ ቀና ስል እታገኝ ስትስቅ አየኋት። እንዲያ የሳቀችው ለኔ መቼ ነበር ብዬ ባስብ አልታወስ አለኝ። ፍንጭቷ ከመንገድ ማዶ ይታያል። ደሜ ፈላ።

ብልህ ሰው ቢሆን ያኔ ምን ያደርጋል? ሰዓቱን ሠርቶ ይሸኘዋል። እኔ ምን አደረግኩ? ሰዓቱን መጨረሻው መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ማሰሪያዎች ሥር ቀበርኩት። ቅጣት መሆኑ ነው! ሰዓት የሌለው ወታደር ምን ይሆናል፣ ከሰልፉ ይቀራል፣ አለቃው ይቆጣዋል፣ እያልኩ ስደሰት እሱ በየቀኑ «ነገ ና» ተብሎ በየቀኑ መጣ። እየጎተትኩ አምጥቼ እጮኛዬ ፊት የማስቀምጠው እኔው ራሴ መሆኔን ለመረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁለት ሳምንት! ከዚያ ሰዓቱን አውጥቼ ከፈትኩት። የምሥራቅ አሸዋ ገብቶበት ነው። በአሥር ደቂቃ ጠራርጌ ሰጠሁት።

ሰውዬው እንዴት እንደተደሰተ! ጨበጠኝ፣ ትከሻዬን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘኝ፣ ከልቡ «ነገ ና! ነገ ና!» አለኝ። ከአማርኛ የሚያውቀው ይህንኑ ነበርና ሰላምታም ምስጋናም መስሎት ነው። ተገላገልኩ ብዬ መስኮቱን ስወለውል ዋልኩ። በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ኩባዊው ሱቄን አልፎ፣ በእጁ ሰላም ብሎኝ፣ መንገዱን ተሻገረና ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አሁን እንግዲህ ሰዓትም አለው፤ ከዘጠኝ ዝንፍ አይልም።

ያን ዕለት እታገኝን ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ አብረን ወደ ቤቷ ስንወርድ አፌ አላርፍ አለ።

«ማነው እሱ?»

«ማን?»

«ያ ጥግ ላይ የሚጎለተው።»

«ራሞን ነው?»

«ስሙንም አውቀሻል!»

«ደንበኛ ነው ታደሰ። ደንበኛ ስም የለውም?» አለች። ቀጥላ «ለምን አንተስ ገባ ብለህ አትቀመጥም? ማኪያቶ እኮ አይከለከልም» አለችኝ።

«እኔ የሰው ዘበኛ ነኝ?» አልኳት።

«እንዲያ አይደለም። አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ...»

«ስለሱ ከሆነ አልሰማም!» አልኩና ቆረጥኳት። አያችሁት ያን አንድ ዓይን? ጆሮም የለውም ለካ።

በዚህ ንዴት ላይ እያለሁ እሑድ መጣ። እሑድ የቀበሌ ውይይት ክበብ አለ፤ ያልመጣ ሰው ለምን አልመጣም ይባላል፣ ለምን አልመጣም የተባለ ሰው ደግሞ ኋላ ስኳር ሲታደል ስሙ ይረሳል። አዳራሹ ድሮ የአንድ ባለጸጋ ሳሎን የነበረ ነው። ግድግዳው ላይ የሦስቱ የሶሻሊዝም ጢማሞች ሥዕል፣ ከሥራቸው ወንበር ላይ ጓድ በላቸው። ጓድ በላቸው የቀበሌያችን ካድሬ ነው፤ ካኪ ልብስ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክርቢቶ፣ እጁ ላይ ትልቅ ሰዓት። የዕለቱን ርዕስ አነበበ፤ ኢምፔሪያሊስቶች በሰው አገር ያሰፈሩትን ጦር ቁጥር ቢያበዙ ዘላቂ ደኅንነት ያስገኛል ወይስ አያስገኝም? ተወያዩ አለን።

መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የገባ ስለሆነ ሁሉም አያስገኝም እያለ ተቀመጠ። አንዱ አያስገኝም አለ። ሌላው በፍጹም አያስገኝም አለ። ሦስተኛዋ ከሁለቱ ጓዶች ጋር እስማማለሁ ብላ ተቀመጠች። ግማሹ አዳራሽ እያንቀላፋ ነው። እኔ ግን ሌላ ጦር ነበር የሚታየኝ። ሳላስበው እጄን አነሣሁ፤ ሳላስበው ቆምኩ።

«ጓዶች! የሰው አገር ወታደር ሲመጣ ጥቂት ሆኖ ነው የሚመጣው። ለትንሽ ጊዜ ነው ይላል። ከዚያ ወንበር ይይዛል፤ ጥግ ያለችውን ወንበር! ዛሬ ብቻውን ነው፣ ነገ ጓደኛውን ያመጣል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው፣ በሁለተኛው ብር ነው፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል፤ በሃያኛው ቀንስ ምንድን ነው? እሱ ውስጥ ገብቶ ይሞቀዋል፣ የቤቱ ባለቤት ደጅ ቆሞ በመስታወት ያያል። ታዲያ ይኼ ደኅንነት ነው? የማን ደኅንነት?»

የሚያንቀላፋው ሁሉ ነቃ። በከተማው ያለው የውጭ ወታደር የማን እንደሆነ የማያውቅ አዳራሹ ውስጥ የለም። አጠገቤ የነበረው ሰው ወንበሩን ጎተት አድርጎ ከኔ ራቀ። ጓድ በላቸው እስክርቢቶውን አወጣ።

«ጓድ፣ የየትኛውን አገር ወታደር ማለትህ ነው?»

እግዜር ይስጣቸውና ከኋላ ጋሽ ወልዴ ብድግ አሉ።

«ይኼ ልጅ የሚለው ስለ ጣልያን ነው፣ ጓድ። አባቱ ነፍሱን ይማረውና በጣልያን ጊዜ እዚሁ ሰዓት ሠሪ ነበር። ወታደሮቹ እየመጡ ሱቁ ውስጥ ይጎለቱበት ነበር። ቂሙን ለልጁ አወረሰው።»

አባቴ የመንዝ ገበሬ ነበር። ሰዓት የሚያውቀው በጥላው ነው።

«የኛን እንግዶች በተመለከተ» አሉ ጋሽ ወልዴ ቀጥለው፣ «የኔ ልጅ ምሥራቅ ነው ያለው። እነዚህ ሰዎች ባይደርሱልን ኖሮ ይቺን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር ብሎ ጽፎልኛል። እኔ ሌላ አላውቅም፤ አመሰግናለሁ።» አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔም ከሁሉ በላይ አጨበጨብኩ፣ ጓድ በላቸውም እስክርቢቶውን መለሰ።

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ከአዳራሹ ስንወጣ ግን ጓድ በላቸው ጠራኝና ለብቻችን ዛፉ ሥር ቆምን። አይዞህ፣ የሆነ የጨነቀህ ነገር አለ፣ ንገረኝ አለኝ፤ ድምፁ የንስሐ አባት ይመስል ነበር። ሞኝ ሰው ሁለቴ አይለመንም። ነገርኩት። ኩባዊውን ነገርኩት፣ ወንበሯን ነገርኩት፣ ኬክ ቤቱን ነገርኩት። የእታገኝን ስም ስጠራለት አንገቱን ሰበር አደረገ። ያዘነልኝ መስሎኝ ልቤ ተነካ።

«በይፋ ምንም ማለት አይቻልም፣ የትግል አጋር ነው» አለኝ። «ግን ለኬክ ቤቱ አንድ አብዮት ጥበቃ እንመድባለን። የንቃት ጉዳይ ነው።»

ሰኞ ዘቡ መጣ። አሮጌ ጠመንጃውን ይዞ ኬክ ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ እኔም በመስኮቴ እያየሁ ፈነደቅኩ። በዘጠኝ ሰዓት ኩባዊው መጣ፣ ዘቡን አየ፣ ወታደር ለወታደር ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲጋራ ሰጠው። ማክሰኞ ኬክ ጋበዘው። ረቡዕ ዘቡ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ከኩባዊው ጋር በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ ይጫወታል። ወደ ጓድ በላቸው ሮጥኩ።

«አንድ አልበቃም ጓድ፤ ቢጨመር።»

«ቁጥሩን እንጨምራለን» አለኝ።

ሁለተኛ ዘብ መጣ። ዳማው ተረኛ አገኘ።

ጋሽ ወልዴ መቀሳቸውን እንደያዙ ሱቄ ደፍ ላይ መጥተው ሁለቱን ዘቦች አዩ፤ እኔን አዩ። «እሑድ ጦር ቢበዛ ደኅንነት የለም ያልከው ሰውዬ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«ይኼ ሌላ ነው ጋሽ ወልዴ።»

«ሁሉም ሌላ ነው የሚለው። የዚያን ቀን ግማሹን ለአዳራሹ ተናገርኩ፤ ግማሹን ላንተ ልንገርህ። እንግዶቹ ልጄን አድነውልኛል፣ አልክድም። ግን ነገ አገራቸው ይገባሉ። የተዋጉበት ኮረብታ እዚያው ነው፣ ጠላትም እዚያው ነው፣ ኮረብታው ላይ የሚቀረው ያው የኔ ልጅ ነው። የሰው ዘብ ፋታ ይሰጥሃል እንጂ ቤትህን አይጠብቅልህም። በፋታው ራስህ ካልቆምክ ዘቡ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።» ይህን ብለው ሄዱ። እኔም የሽማግሌ ነገር ብዬ ናቅኩት፤ ሦስተኛ ጊዜ ወደ ጓድ በላቸው ሄድኩ።

«እንግዲያውስ እኔው ራሴ እየመጣሁ አየዋለሁ» አለኝ።

ሳምንት አልሞላም፣ ኩባዊው ቀረ። አንድ ቀን ጠበቅኩ፤ ሁለተኛው ቀን ጠበቅኩ፤ ወደ ምሥራቅ ተመልሷል ተባለ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ጥግ ያለችው ወንበር ባዶ ሆነች፤ ወዲያው ግን ጓድ በላቸው ተቀመጠባት። በየቀኑ ይመጣል፤ ለኔ ሲል ሥራውን ትቶ! ትልቁ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል ሲለኝ እዚያው ቆሞ ሳለ ከፍቼ አስተካከልኩለት። ነገ ና አላልኩትም። በዕድሜዬ «ነገ ና» ሳልል የሠራሁት የመጀመሪያው ሰዓት እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቀትር ላይ እታገኝ ሽርጧን እንደታጠቀች መንገዱን ተሻግራ መጣች። ሱቄ ገብታ አታውቅም ነበር። ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከብሎኖቹ መሃል አስቀመጠችው።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«እነዚያን ሁለት ጠመንጃዎች ማን እንዳመጣቸው ዛሬ ሰማሁ። ራሱ በላቸው ነው የነገረኝ። እጮኛሽ ለምኖኝ ነው አለኝ፤ እየሳቀ።»

«ለደኅንነትሽ ብዬ እኮ ነው እታገኝ!»

«ከማን?» አለችኝ። «ያ በላቸው ከዓምና ጀምሮ ነው የሚከተለኝ። ቢሮ ነይ፣ ስምሽ መዝገብ ላይ ችግር አለበት፣ እኔ ላስተካክልልሽ፣ ይለኛል። ልነግርህ ስል አልሰማም አልከኝ። ራሞን ቋንቋውን ሳያውቅ ነገሩ የገባው በሁለተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ ቢያልቅለትም መምጣቱን አልተወም። ያ ሰውዬ ወደ ባንኮኒው ሲጠጋ ብድግ ይልና ትከሻውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እየሳቀ፣ ነገ ና! ነገ ና! እያለ በር ድረስ ይሸኘዋል። የትግል አጋር ነው፤ ምን ይበለው? ሰላምታ ሰጥቶ ይወጣል።»

ማጉያዬን ከዓይኔ አወለቅኩ።

«እኔም እስቃለሁ» አለች። «አንተ በመስታወት ስታይ የነበረው ያንን ሳቅ ነው።»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ስንቴ የተረትኩት ተረት፤ ለካ በሬው እኔ ነበርኩ። አፈርኩ። አፈርኩ ስላችሁ፣ ሰዓቱን በቀበርኩበት መሳቢያ ውስጥ አንገቴን ብቀብረው ደስ ባለኝ። ግን እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ደቂቃ እንኳ እኔ ላደርገው የሚገባኝን ያ ኩባዊ በሁለተኛው ቀን አደረገው ብዬ ቀናሁ።

«እኔ ግምጃ ቤት አይደለሁም ታደሰ፤ ዘብ አይቆምብኝም። እነዚህን እስክታስነሣቸው ቀለበቱ አንተ ጋ ይቆይ» ብላ ተመልሳ ሄደች። ፋሲካ አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

እየሮጥኩ ቀበሌ ሄድኩ። ጓድ በላቸው ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ያገላብጣል።

«ጓድ በላቸው፣ እግዜር... ማለቴ አብዮቱ ይስጥልኝ። ኩባዊው ሄዷል፤ ደኅንነቱ ተረጋግጧል። እንግዲህ ዘቦቹ ይነሡልኝ፣ እርስዎም አይድከሙ።»

ያስተካከልኩለትን ሰዓት አየና፣ ፈገግ ብሎ፣ «ነገ ና» አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ይሄዳል። እኔ የሙያው ሰው ነኝ፤ ይቺን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ ተናግሬአታለሁ። መሳቢያው የት ድረስ ጥልቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ተስፋ አይቆረጥምና በማግስቱ ሄድኩ። «ነገ ና።» በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። «ነገ ና።» በአራተኛው ቀን ከመንገድ ተመልሼ ጋሽ ወልዴ ሱቅ ገብቼ አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ፈራሁ አልኳቸው። እኔ በላቸውን እፈራለሁ።

«ማን አይፈራውም?» አሉኝ። «እኔም እፈራዋለሁ። ኬክ ቤት ተቀምጦ ማኪያቶ መጠጣት ግን እስከማውቀው ድረስ አልተከለከለም።»

እታገኝ የነገረችኝም ያንኑ ነበር፤ ገና በጠዋቱ።

በማግስቱ ማጉያዬን፣ መፍቻዬን፣ የደንበኛ ሰዓቶቼን ሁሉ በሳጥን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። ሱቄ በር ላይ «ሰዓት ሠሪው ኬክ ቤት ነው» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ሁለቱ ዘቦች አዩኝ፤ ዳማ ልጫወት የመጣሁ መስሏቸው ጠጋ አሉልኝ። ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጬ ዕቃዬን ዘረጋሁ። የመጀመሪያውን ብሎን ሦስቴ ጣልኩት። እታገኝ ማኪያቶ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ።

በዘጠኝ ሰዓት በላቸው ገባ። ወንበሩን አየ፤ እኔን አየ።

«ሥራ የለህም?»

«ሥራዬ እዚህ ነው ጓድ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ግን ወጣ።

እሱ ሌላ ቃል ሳይጨምር ጋሽ ወልዴ ቁልፍ የሚተክሉለት ኮት ይዘው ገቡና ከፊቴ ተቀመጡ። ከእሳቸው ኋላ ወረቀቱን ያነበቡ ደንበኞቼ መጡ። ሥራ አጥተው አይደለም፣ የፒያሳ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አያመልጠውም፤ ሰዓት ሠሪው ዛሬ ነገ ና አይልም፣ እዚያው ይሠራል የተባለ ጊዜ ዓመት ሙሉ የረሱትን ሰዓት ሁሉ ይዘው ጎረፉ። ቤቱ ሞላ። በሰው በተሞላ ቤት ውስጥ ባንኮኒ ተደግፎ በጆሮ የሚነገር ነገር የለም። በላቸው ትንሽ ቆሞ ቆሞ ወጣ። በማግስቱም መጣ፣ ወንበር አላገኘም። በሦስተኛው ቀን ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ፣ ከኔ ሱቅ በር ላይ ቆሞ በመስታወት ሲያየን አየሁት። ያን አስተያየት አወቅኩት። ሳላስበው አዘንኩለት ማለት ነው።

ፋሲካ ሳይደርስ በላቸው ለሌላ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ተመደበ ተባለ። እኔ አባረርኩት ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው፣ የመደበው ሌላ ነው። እኔ ራሴ መጥቼ ስለተቀመጥኩ ነው መሰል ቀለበቱ ወደ እጇ ተመለሰ። ሠርጉም በተቆረጠለት ቀን ሆነ። ዘቦቹ? የመደባቸው ሰው ሄደ፣ ተነሡ የሚል ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ጠፋ፤ እኔም አልጠየቅኩም፣ ምን እንደምባል አውቀዋለሁ። ሠርጋችን ላይ ጠመንጃቸውን ይዘው መጥተው በልተው ጠጥተዋል። ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት ኬክ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ከምን እንደሚጠብቁት ሲጠየቁ እነሱም አያውቁም። የጋሽ ወልዴ ልጅም በሰላም ተመለሰ፤ ከኩባውያኑ በኋላ ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

እንግዲህ ያ የአዳራሹ ጥያቄ ዛሬም ሲነሣ እሰማለሁ፤ በሬዲዮም በጋዜጣም፣ የዚያ አገር ጦር እዚህ አገር ተጨመረ፣ ይበቃል አይበቃም እያሉ ታላላቅ ሰዎች ይከራከራሉ። እኔን የሚጠይቀኝ የለም እንጂ ቢጠይቁኝ የማውቀው ይህንኑ ነው። ዘላቂ ደኅንነት የሚባለውን ነገር ግን እኔም አላገኘሁትም፤ ልዋሻችሁ አልችልም። ባለፈው ሰሞን ቁርስ ላይ ተቀምጠን፣ ልጆች ወልደን፣ ፀጉራችን ሸብቶ፣ አፌ አላርፍ አለ።

«እታገኝ፣ ያ ራሞን ግን... እንዲያው ለጽድቅ ብሎ ብቻ ነው በየቀኑ ይቀመጥልሽ የነበረው?»

ሲኒዋን አስቀመጠች። ያቺ ፍንጭቷ ወጣች። ተነሥታ መጥታ ትከሻዬን በሁለት እጇ ይዛ፣ ልክ እንደዚያ እንደሱ ወዘወዘችኝና፣ «ነገ ና!» አለችኝ።

እኔም እንደ ፋራ በማግስቱ ጠየቅኳት።